«ከሜሪ ፓውል የተረፈ ንስር» ቢሏችሁ ገንዘባችሁን ያዙ

ኒውዮርክና ዙሪያዋ የምትኖሩ፣ ጥንታዊ ዕቃ የምትወዱ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ባለፈው ወር 1,400 ዶላር ከፍዬ የወርቅ ቅብ ያለው፣ ከእንጨት የተቀረጸ ነው የተባለ ትልቅ የንስር ምስል ገዛሁ። ሻጩ እንዳለኝ፣ ከሜሪ ፓውል የመሪ ክፍል ጣሪያ ላይ የተነሳ ነው። ሜሪ ፓውል በሐድሰን ወንዝ ላይ መንገደኛ ስታመላልስ የኖረች የእንፋሎት መርከብ ናት፤ በዘመኗ «የሐድሰን ንግሥት» ይሏት ነበር። በዚያ ወንዝ ዳር ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ስሟን ስሰማ ልቤ ተሸነፈ። ማኅተም ያለበት ማረጋገጫ ወረቀትም ሰጠኝ።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ረጋ ብዬ ሳነበው «መርከቧ በ1898 ስትፈርስ የተወሰደ» ይላል። እሷ ግን በፈረንጅ 1861 ተሠርታ እስከ 1917 ድረስ በኪንግስተንና በኒውዮርክ መካከል ሰው ስታጓጉዝ ነበር። ታዲያ በ1898 ማን አፈረሳት?

ንስሩን ገለበጥኩት። ከቅርጽ ማውጫው የቀረ መስመር ጎኑን ይዞ ይወርዳል፣ ጀርባው በጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ተሞልቷል። እንጨት የተባለው ሬዚን ነው፤ ማለትም በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የሚደርቅ ፕላስቲክ መሰል ነገር። ብሎኖቹ ባለመስቀል ናቸው፤ ይህ ዓይነት ብሎን የተስፋፋው ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። (ዕቃ ሲጠገን ብሎን ይቀየራልና እሱ ብቻውን አይፈርድም።) ከሁሉ የሚያሳብቀው እርጅናው ነው። ዝናብና ፀሐይ የበላው እንጨት ከላይ ተሰነጣጥቆ፣ ክንፉ የከለለው ቦታ ደህና ሆኖ ይቀራል። የኔው ግን ያረጀ እንዲመስል ላዩም ታቹም እኩል ቡናማ ተቀብቷል።

እንዲህ ባለ ዕቃ የምንከፍለው ለንስሩ ሳይሆን ለመርከቧ ስም ነው። ስለዚህ ሻጮቹ ስሙን ያስረዱ፦ ከመርከቧ ማን አነሳው? ከዚያስ በማን እጅ አለፈ? የድሮ ፎቶ ካለ የክንፉን አቀማመጥ አስተያዩ። ኪንግስተን ውስጥ የሐድሰን ወንዝ መርከቦችን ታሪክ የሚጠብቅ ሙዚየም አለ፤ ሳትገዙ ሄዳችሁ ጠይቁ። ክፍያውንም በክሬዲት ካርድ አድርጉት። እኔ በጥሬ ገንዘብ ስለከፈልኩ የምከራከርበት ነገር አጣሁ፤ ሰውየውም ስልክ ማንሳት አቁሟል።

ትናንት ይኸው ሻጭ ሌላ ንስር ለሽያጭ ለጥፎ አየሁ። በግራ ክንፉ ጫፍ ላይ ያለችው ጭረት ከኔው ጋር አንድ ናት። የመርከቧ ስም ብቻ ተቀይሯል።