የአይዳ ቀለም ወይስ የሺሪን ጽሑፍ?

ኢትዮጵያዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ አይዳ ሙሉነህ በ2018 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ልብ ብላችሁ እዩ። ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ ሴቶች፣ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ልብስ፣ ከእግራቸው ስር የጨው ምድር። ጉዳዩ የውኃ እጦት ነው። ግን ለልመና የተዘረጋ እጅ የለም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው! ስለ አፍሪካ ችግር የሚነሱ ብዙ ፎቶዎች ባለቤቱን አንገት ያስደፋሉ፤ የአይዳ ሴቶች ግን ክብራቸውን እንደያዙ ናቸው።

የኢራናዊቷ አርቲስት ሺሪን ነሻት የ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የፎቶ ሥራ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው። ቻዶር (የኢራን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚከናነቡት ልብስ)፣ ጠመንጃ፣ በፎቶው ፊትና እጅ ላይ የሰፈረ የፋርስኛ ጽሑፍ። ስለ ኢራን እስላማዊ አብዮትና ስለ ሴቷ በድፍረት ትጠይቃለች። ቋንቋውን ለማያነብ ግን ጽሑፉ ጌጥ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። መልእክቱ ቶሎ ለብዙ ሰው እንዲደርስ ከተፈለገ አይዳን እመርጣለሁ።