ምስጋና ለጋሼ፣ ጥቆማ ደግሞ ለአሮጌ ዳይካስት ሰብሳቢዎች

ትንንሽ የዳይካስት (ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ከገባ ብረት የተሠራ) የመጫወቻ መኪና የምትሰበስቡ፣ በተለይ የጭነት መኪና፣ ቦቴና ቫን ሲባል ልባችሁ የሚደነግጥ፣ ዛሬ እነሱን የሚያድስና የሚጠግን አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ። ስሜን አትጻፍ ስላሉኝ እንደማደርገው ሁሉ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ጋሼ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው!

የመጀመሪያው ሥራ አንድ ፎደን የተባለ የጭነት መኪና ሞዴል ነበር። ዲንኪ የተባሉት የመጫወቻ መኪኖች አምራች የነበረው የሊቨርፑሉ ሜካኖ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ሱፐርቶይስ እያለ ካወጣቸው ትልልቅ መኪኖች መካከል ነው። ባለ ስምንት እግር፣ ጠፍጣፋ ጭነት። እኔ እጅ ሲገባ የሆነ ሰው በቤት ቀለም ደፍቆት ነበር። የበሩ መስመር ጠፍቷል፣ የፊት ፍርግርጉ ሰጥሟል። ሌላ ጠጋኝ ጋ ወስጄ ሳሳየው «ችግር የለም፣ ላዩ ላይ አዲስ እንረጭበታለን» ብሎኝ ነበር። አመስግኜ ይዤው ወጣሁ።

ጋሼ ግን መጀመሪያ የገለበጡት ሆዱን ነው። የእነዚህ መኪኖች ገላ ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው በብሎን አይደለም። ከገላው የወረደች አጭር ምሰሶ በሻንሲው ቀዳዳ ታልፍና ጫፏ ተቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ ራስ ይዘረጋል። ብዙ ሰው መኪናውን ለመፍታት ይችን ምሰሶ እስከ ሥሯ በፑንታ ይቦረቡራታል። ከዚያ መልሶ ለመግጠም ማጣበቂያ መለቅለቅ ነው። ጋሼ ከምሰሶዋ ትንሽ ወፈር ያለ ፑንታ በእጃቸው ያዞራሉ። ሁለት ዙር፣ ነፋ። ሁለት ዙር፣ ነፋ። የተዘረጋው ጠርዝ እንደ ቀለበት ተላቆ ጠብ ሲል በቃ ያቆማሉ። ምሰሶዋ ቁመቷ እንዳለ ነው። ከዚያ መሐሏን በቀጭን ፑንታ በስተው የብሎን ጥርስ ያወጡላታል። መልሰው ሲገጥሙት በጥቃቅን ብሎን ይታሰራል። ነገ ሌላ ሰው መክፈት ቢፈልግ በመፍቻ ይከፍተዋል ማለት ነው።

ቀለም ማስለቀቁ ላይም እንደዚያው ናቸው። ሞዴሎቹ የተሠሩበት ዛማክ በአብዛኛው ዚንክ ነው፣ 4 በመቶ ገደማ አልሙኒየም አለበት። ኮስቲክ ሶዳ ሁለቱንም ይበላል። ቀለሙን ፈጥኖ ያነሳል፣ እውነት ነው፣ ግን ትንሽ ከቆየ የብረቱ ፊት ይጠቁርና ይሻክራል። ጋሼ ቀለም ማስለቀቂያ በብሩሽ ቀብተው፣ መስኮት ከፍተው፣ ጓንት አጥልቀው ይጠብቃሉ። የቀረውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያነሱታል። የሽቦ ብሩሽ ከዕቃዎቻቸው መሐል የለም።

ከማስለቀቃቸው በፊት የሚያደርጉትን ሳልነግራችሁ። ጋቢናውን ገልብጠው ውስጡን በባትሪ ያያሉ። እዚያ ፀሐይም የልጅ እጅም ስለማይደርስ የፋብሪካው ቀለም ሳይደበዝዝ ይቆያል። አዲሱን ቀለም የሚያዛምዱት ከዚያ ጋር ነው። ፎቶ ላይ ቀለም ስለሚዋሽ ወረቀት ላይ እየጠበጠቡ፣ ጎን ለጎን እያስጠጉ፣ እስኪገጥም ድረስ ይቀላቅላሉ። የእኔው አረንጓዴ እስኪመጣላቸው ያን ያህል ጠብታ መደርደራቸው የምር ገርሞኛል።

ከቀለም በፊት ደግሞ ብረቱን ትንሽ የሚነክስ ፕራይመር (ቀለሙን የሚያስይዝ የሥር ቅብ) አለ። ተራ የዘይት ቀለም በቀጥታ ዚንክ ላይ ከተቀባ፣ ዘይቱ ከዚንኩ ጋር ተዋህዶ ሳሙና ይሆናል፣ ቀለሙም ውሎ አድሮ እየተቀረፈ ይወድቃል። ፕራይመሩም ቀለሙም ስስ ነው የሚረጨው። ሲወፍር ፍርግርጉ ይደፈናል፣ ከሆዱ ላይ ያለው የፋብሪካው ጽሑፍ ይጠፋል። የእኔን ፎደን ዛሬ ብታዩት ጽሑፉን በጣት መዳሰስ ይቻላል።

አሁን ወደ ቅየራው፣ አንዱን ሞዴል ወደ ሌላ ዓይነት መኪና ወደ መለወጡ። የጭነት አልጋው ተሰብሮ የጎደለ፣ ጋቢናው ግን ደህና የሆነ አንድ ጋይ የሚባል የዲንኪ ጭነት መኪና ነበረኝ። ዲንኪ በዚህ ጋቢና የድርጅት ማስታወቂያ የተጻፈባቸው ቫኖችም አውጥቷል። ስላምበርላንድ፣ ላየንስ፣ ስፕራትስ፣ ዊታቢክስ። ቢጫው ዊታቢክስ ሰብሳቢዎች ከሚሻሙባቸው አንዱ ነው። እኔም እንደሱ አድርገው እንዲሠሩልኝ ጠየቅኋቸው።

«አይሆንም ልጄ» አሉኝ። «አንተ አትሸጠውም ይሆናል። ከአንተ የሚወርሰው ሰው ግን ይሸጠዋል። ያኔ አንዱ ሞኝ በኔ እጅ ተታለለ ማለት ነው።»

እውነታቸውን ነው። በዚህ ሙያ ተራውን ሞዴል ቀለም ቀይሮ ውዱን አስመስሎ መሸጥ የቆየ በሽታ ነው። ሥራ ፈልጎ ለመጣ ሰው እምቢ የሚል ባለሙያ ግን ስንት ጊዜ ገጥሟችኋል? እኔ እሳቸውን ማመን የጀመርኩት የዚያን ዕለት ነው።

ቫኑ ቀረና ቦቴ ሆነ። ታንኩን ከነሐስ ቱቦ ቆርጠው፣ ጫፍና ጫፉን በክብ ቁራጭ ደፍነው ሠሩት። ዛማክ 380 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቅለጥ ስለሚጀምር ከሻንሲው አጠገብ እሳት አላቀረቡም። ታንኩ ቁጭ ያለው በሁለት የነሐስ ችንካርና ከሁለት ቱቦ በሚቀላቀል ኢፖክሲ ማጣበቂያ ነው። ጎኑ ላይ በነጭ «ወተት» ተብሎ ተጽፎበታል። ነጭ ፊደል ቀላል ይመስላል እንጂ አስቸጋሪ ነው። ተራው ማተሚያ ነጭ ቀለም የለውም፣ ነጩ ከወረቀቱ ነው የሚመጣው። በውኃ ተነክሮ ለሚለጠፈው ብርሃን አስተላላፊ ፊልም ነጭ የሚያትም ማሽን መፈለግ ግድ ነው። ጋሼ ፈልገው አሳተሙት።

ከዚያ ደግሞ ከሻንሲው ውስጠኛ ፊት ላይ በመርፌ «ተቀይሯል» ብለው ዓመቱን ጫሩበት። የፎደኑ ሆድ ውስጥም «ቀለም ታድሷል» የሚል አለ። ከውጭ አይታይም። ብሎኖቹን የፈታ ሰው ግን ያገኘዋል። ከሁለቱም መኪኖች የወጣውን የተሰነጠቀ ጎማ፣ የተጣመመ ዘንግ፣ የተላቀቀውን ቀለበት ሳይቀር በትንሽ ፌስታል አድርገው መለሱልኝ።

ሦስተኛ የወሰድኩላቸውን ጭራሽ አልነኩትም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ትንሽ የጭነት መኪና ነው። ጣሪያው ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች አሉት፣ ገላውም ትንሽ አብጦ ጎብጧል። በአጉሊ መነጽር አዩትና ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ይሄ በሽተኛ ነው። ብነካው በእጄ ይፈርሳል።» የዚንክ መበስበስ የሚሉት ነው። ብረቱ ሲቀለጥ እርሳስ በትንሹም ቢሆን ከገባበት ከዓመታት በኋላ ከውስጥ እየተበላ ይሰነጠቃል። መድኃኒት የለውም። እርጥበትና ሙቀት ያፋጥኑታል። ስለዚህ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጠው፣ አትብሳው፣ አታሙቀው አሉኝ። ስቱኮ ደፍነው፣ ቀለም ረጭተው ቢሰጡኝ ኖሮ አላውቅባቸውም ነበር። ለምርመራውም ምንም አልተቀበሉኝም።

እንከናቸውንም ልናገር፣ አለበለዚያ ጥቆማው ጥቆማ አይሆንም። ጋሼ ዘገምተኛ ናቸው። ለበዓል ይድረስልኝ፣ ለልደት ስጦታ ነው፣ ምናምን ብላችሁ አትሂዱ። ስልክ ያነሳሉ ብላችሁም አትጠብቁ፣ መልእክት ይሻላል። ንግግራቸው ደረቅ ነው። «ይሄን ማን አበላሸው?» ብለው ሲጠይቁ ያበላሸው ፊታቸው የቆመው ሰው ሊሆን እንደሚችል አያስቡም። በኋላ የመጡትን ባለ መስታወት ሞዴሎች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1956 ብቅ ያለውን የኮርጊ ምርት፣ የፕላስቲክ መስታወታቸው ከተሰነጠቀ አይቀበሉም። የፕላስቲክ ሥራ የኔ አይደለም ነው የሚሉት።

ሥራ የምትሰጧቸው ከሆነ መኪናውን ሳታጥቡ፣ ሳትቧጥጡ እንዳለ ውሰዱት። የቀለም ፍንጭ የሚያገኙት ከዚያው ነው። የወለቀ ጎማ ወይም የተሰበረ ቁራጭ ካላችሁም አብራችሁ ያዙ። አድራሻቸውን እዚህ አላወጣም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉልኝ የመኪናውን ሆድ ፎቶ ላኩ። ከላይ የተነሳውን አያዩትም።