ሸዋ በር ያሉት ልብስ ሰፊ ቄስ

ደሴ፣ ሸዋ በር ያለችውን ጠባብ የስፌት ቤት ላመሰግን ነው። ባለቤቷ ቄስ ናቸው። ለእናቴ ተዝካር ጥቁር ቀሚስ አሰፋሁ። ስፌቱ ጠንካራ ነው፣ ልኩም ልክክ አለ። ቀጠሮ ግን ሁለት ቀን አሳለፉብኝ። ለካ የታመመ ሰው አጠገብ ነበሩ።

ጸሎተ ፍትሐቱንም ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ብር የያዘ ፖስታ ስዘረጋላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ፣ የስፌቱን ከፍለሻል። ጸሎቱን መቼ ሸጥኩልሽ? ደጅ ላሉት ነዳያን ስጪልኝ» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ለጸሎት ዋጋ ተቆርጦብኝ አዝኜ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም እኮ ቆሮንቶስ ላይ ድንኳን እየሰፋ ነው ያስተማረው!

ሰኞ ገበያተኛው ስለሚበዛ ማክሰኞ ሂዱ። እሁድ ዝግ ነው።