በረኛ ልጅ ላላችሁ የአውሮራ አበሾች፦ ለጋሼ ምስጋና (ለቲም ሀዋርድም ጭምር)

ሰላም የአውሮራና የዴንቨር፣ ኮሎራዶ ወገኖች እንዴት ናችሁ። ፖስት ማድረግ ብዙም አይሆንልኝም ግን የዚህን ሰው ውለታ ዝም ብዬ ብበላው ነውር ነው። ልጄን በረኝነት የሚያሰለጥንልኝን ጋሼን በአደባባይ ላመሰግነው፣ እናንተም እንድታውቁት ነው። ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳታወጣው ብሎኛል ስለዚህ የፈለገ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፣ ስልኩን እሰጣለሁ። አገር ቤት በረኛ የነበረ፣ አሁን ኤርፖርት የሚሰራ፣ ከስራ መልስ ልጆች የሚያሰለጥን ሰው ነው።

ልጄ ቱሬት ሲንድረም አለበት። ለማታውቁት የነርቭ ነገር ነው፣ ሳይፈልግ አይኑን ያርገበግባል፣ ትከሻውን ይሰብቃል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ተው ቢሉት የሚተወው ነገር አይደለም እንዲያውም ተው ሲባል ይብስበታል። ሀኪም ጋ እስክንደርስ ስንቱን ሰማን መሰላችሁ፣ ቡዳ ነው ያለ አለ፣ ቅብጠት ነው ያለ አለ፣ ጸበልም ወስደነዋል (እሱስ አልከፋም፣ ለኔም ጥሩ ነበር)። በፊት የነበረበት ቡድን፣ ስም አልጠራም፣ አሰልጣኙ ሌሎቹን ልጆች ይረብሻል ብሎ ሲዝኑን ሙሉ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ልጁም ኳስ በቃኝ አለ።

ጋሼ ጋ የወሰድኩት ሰው ነግሮኝ ነው። ገና ሁኔታውን ላስረዳው ስጀምር በእጁ ቆይ አለኝና ወደ ልጁ ዞሮ "ቲም ሀዋርድን ታውቀዋለህ?" አለው። የት ያውቀዋል! እዚሁ አፍንጫችን ስር ኮሜርስ ሲቲ ለኮሎራዶ ራፒድስ ክለብ ከ2016 እስከ 2019 ተጫውቷል ግን ያኔ ልጄ ገና ህጻን ነው። ጋሼ ስልኩን አወጣ፣ ራሱን የተላጨ ጢማም ሰውዬ፣ ክንዱ በንቅሳት የተሞላ። "ይሄ ሰውዬ ያንተው ነገር አለበት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። ለአሜሪካ ብሄራዊ ቡድን 121 ጊዜ ተሰልፏል፣ በረኛ ሆኖ ማለት ነው" አለው። ልጄ ስልኩን ተቀብሎ አልመልስም አለ።

እኔ ሀዋርድን የማውቀው በሌላ ነገር ነው፣ ያኔ የማንቼ (የማንቸስተር ዩናይትድ) በረኛ ነበር፣ የማንቼ ሰው የሆነ ሁሉ ይገባዋል። መጋቢት 2004 በፈረንጅ፣ ቻምፒየንስ ሊግ፣ ኦልድ ትራፎርድ፣ ከፖርቶ ጋር፣ እኛ አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ተጠቅጥቀን አለፍን ብለን ጨርሰን፣ 90ኛው ደቂቃ ላይ የፖርቶውን የማካርቲን ቅጣት ምት ሀዋርድ ተፋት ኮስቲንያ አገባት፣ አሰልጣኛቸው ሞሪንዮ በዳር መስመሩ እየበረረ። አሁንም ሳስታውሰው ያመኛል። ለካ ጋሼ ደግሞ ይህችን ጎል ነው ለማስተማሪያ የሚጠቀምባት! ልጄ አንድ ቀን ቀላል ኳስ ከእጁ አምልጣው ገባችና ትከሻው መሰበቅ ጀመረ፣ አይኑም እንባ አቀረረ፣ ጋሼ ጎል አጠገብ ሳሩ ላይ አስቀምጦት የፖርቶን ቪዲዮ ከፈተለት። ከዛ በኋላ ያለውን ነገረው፣ ሰውዬው በዛው ሲዝን ኤፍኤ ካፕ እንደበላ፣ በሚቀጥለው አመት ቦታውን ሮይ ካሮል እንደተጋራው፣ ሌላው በረኛ ቫን ደር ሳር ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ በ2006 በውሰት ኤቨርተን ሄዶ ግን እዛው አስር አመት ከ400 በላይ ጨዋታ እንደተጫወተ። በ2009 የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ያንኑ ማንቼን አገኘውና የቤርባቶቭንና የፈርዲናንድን ፔናሊቲ አዳነ፣ (ይህቺን እንኳን ባይነግረው እኔ ደስ ይለኝ ነበር)።

ጋሼ ቱሬቱን ለማስቆም አንድም ቀን ሞክሮ አያውቅም። ሀዋርድ ራሱ ሲናገር ኳሷ ሩቅ እያለች ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፣ ወደኔ ስትመጣ ግን ጡንቻዎቼ ይታዘዙኛል ብሏል፣ ጋሼም ልጄን "ኳሷ ማዶ ጎል ጋ ስትሆን እንደፈለገህ ተንቀሳቀስ፣ ማንም አይናገርህም፣ አስራ ስድስት ከሃምሳ (የፍጹም ቅጣት ክልል) ስትደርስ እግርህን ብቻ አስተካክል" ይለዋል። በቃ ይሄው ነው። ሌሎቹ ልጆችም ለምደውታል፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ ዞሮ የሚያየው የለም። ሀዋርድ መድሀኒት አልወስድም ማለቱን ልጄ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ እኔም አልፈልግም ብሎ ሲመጣ ግን ጋሼ ቆፍጠን ብሎ "እሱ የሀኪምህና የቤተሰብህ ጉዳይ ነው፣ እኔ ጋ የምናወራው ስለ ኳስ ነው" አለው። ለዚህ ብቻ ግንባሩን ብስመው ደስ ይለኛል።

ስልጠናው የምር ስልጠና ነው ደሞ፣ ዝም ብሎ ኳስ እየመቱ ተወርወር አይደለም። የ2010ን የአለም ዋንጫ የአሜሪካና የአልጄሪያን ጨዋታ ታስታውሳላችሁ አይደል፣ የአሜሪካው ዶኖቫን 91ኛው ደቂቃ ላይ ያገባት። ሁሉም የሚያወራው ስለ ዶኖቫን ነው፣ ጋሼ ግን ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሶ ሀዋርድ የአልጄሪያን የጭንቅላት ኳስ ይዞ ቀና ሲል ያቆመዋል። "አየኸው፣ ኳሷ ደረቱ ላይ ናት አይኑ ግን ማዶ ነው።" ከዛ ያቺ ረጅም የእጅ ውርወራ፣ ዶኖቫን ሩጫው ላይ እያለ ፊቱ ዱብ አለች፣ ከአልቲዶር ወደ ዴምፕሲ፣ አልጄሪያው በረኛ ሲመልሳት ዶኖቫን ጨረሳት። ጋሼ ቀይ ኮን መሀል ሜዳ ቀኝ መስመር ላይ ያስቀምጥና ልጆቹን ይዘህ፣ ቀና ብለህ፣ ወርውር እያለ ያሰራቸዋል፣ ክርናቸውን እየያዘ ያስተካክላል፣ ትከሻ እንዳይጎዳ መጀመሪያ በቴኒስ ኳስ ያስጀምራቸዋል። ልጄ ቤት ውስጥ ካልሲ ጠቅልሎ መወርወር ጀምሯል፣ እናቱ የሳሎኑ መብራት ፈርቷል ትላለች።

የአሜሪካና የቤልጂየሙንማ ጨዋታ ስንቴ እንዳዩት። 2014፣ ሳልቫዶር ብራዚል፣ ያኔ ለሀዋርድ የተቆጠረለት 16 ሴቭ (ያዳነው ኳስ) ነው፣ በአለም ዋንጫ እንዲህ አይነት ተቆጥሮ አያውቅም ተባለ። በማግስቱ ኦባማ ደወለለት፣ አንዱ ቀልደኛ ደግሞ ዊኪፒዲያ ላይ ገብቶ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር አድርጎ ሾመው። ጋሼ የሚያሳያቸው ግን እግሩን ነው፣ ሀዋርድ ያን ቀን ስንቱን በእግሩ እንዳወጣ፣ ሳይቸኩል ቆሞ እንደሚጠብቅና አጥቂው እስኪመታ እንደማይወድቅ። በጭማሪ ሰአት ደብሩይነና ሉካኩ አግብተውበት 2 ለ 1 ተሸነፉ፣ ሉካኩ ደግሞ በዛው ሲዝን የኤቨርተን የቡድን ጓደኛው ነበር እኮ።

ጋሼ በጣም የሚወዳት ግን በ2012 ሀዋርድ ራሱ ለኤቨርተን ቦልተን ላይ ያገባት ጎል ናት። ከራሱ ጎል አጠገብ የመታት ኳስ በንፋስ ታግዛ ነጥራ የቦልተኑን በረኛ ቦግዳንን አልፋ ገባች። ሀዋርድ አልጨፈረም፣ ለዛኛው በረኛ አዘነለት። ጋሼ ይህንን ሲያወራ እኛ ወላጆች እንኳን ከመኪና ወርደን እንሰማለን። የመጨረሻውንም አይደብቅባቸውም፣ ጥቅምት 2017 በትሪኒዳድ 2 ለ 1 ተሸንፈው አሜሪካ ከአለም ዋንጫ ስትቀር በረኛው እሱ ነበር፣ ለብሄራዊ ቡድኑም ከዛ በኋላ አልተጫወተም። እንዲህም ሆኖ በ2024 የአሜሪካ የእግር ኳስ የዝና አዳራሽ ገብቷል።

እንግዲህ ለምትፈልጉት፣ ክፍያው ርካሽ ነው አልልም ግን ከክለቦቹ በብዙ ያንሳል፣ ሁለት ልጅ ላለው ደግሞ ይቀንሳል፣ ከብዶት የነበረን አንድ ቤተሰብ ሲኖርህ ትከፍላለህ እንዳለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቡድኑን ትንሽ ነው የሚይዘው ስለዚህ ወረፋ ሊኖር ይችላል። በረዶ ሲሆን አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ቦታው ስለሚቀያየር ቴክስቱን እዩ። ሰአት ላይ ቀልድ አያውቅም፣ የአበሻ ቀጠሮ የለም እሱ ጋ፣ አርፍዳችሁ ከመጣችሁ ልጁ ዳር ቆሞ ኳስ ያቀብላል። ሴት ልጆችም አሉ፣ አንዷማ የኔን ልጅ ታስንቀዋለች። ቱሬት ያለበት ልጅ ያላችሁ ደግሞ በሀዋርድ ስም ኒው ጀርሲ ውስጥ ቱሬት ላለባቸው ታዳጊዎች የተቋቋመ የአመራር (ሊደርሺፕ) አካዳሚ አለ፣ ሩቅ ቢሆንም ጠይቁ፣ እኛም ልጁ እድሜው ሲደርስ ለመላክ እያሰብን ነው።

ጋሼ፣ ይህን ካየኸው ስምህን አላወጣሁም፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። ሌሎቻችሁ ጓንት ቀድማችሁ አትግዙ፣ እኛ ትልቅ ገዝተን ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፣ እሱ የልጁን እጅ አይቶ ሳይዙን ይነግራችኋል።