እናቴን ለዓይን ምርመራ የወሰድኩበት የስታዲየም አካባቢ ክሊኒክ

እናቴ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም እንዳለባት ከታወቀ 9 ዓመት ያለፈ ሲሆን፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓይኗ የታየው መነጽር በገዛች ቁጥር ብቻ ነበር። ባለፈው ወር ማንበብ ስላስቸገራት ስታዲየም አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የግል የዓይን ክሊኒክ ወሰድኳት።

መነጽር ተደርጎላት በሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደላት እስከ ታችኛው መስመር ስላነበበች ምርመራው ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ግን «እናቴ፣ ፊደል ማንበብዎ ብቻ የዓይንዎን የውስጥ ጤና አያሳየንም» ብለው ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አደረጉላት። 30 ደቂቃ ያህል ከጠበቅን በኋላ ሬቲናዋን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የውስጥ ጀርባ ሽፋን፣ መርምረው ፎቶ አነሡት፤ ምስሉንም በስክሪን ላይ እያሳዩ ጥቃቅኖቹ ቀይ ነጠብጣቦች ምን እንደሆኑ ሳይቸኩሉ አስረዱን። ለዓመታት ከልክ ያለፈ ስኳር በዓይን ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ስለሚያዳክመው ሥሮቹ ያብጣሉ፣ ፈሳሽና ደምም ያፈስሳሉ፤ ይህ ፈሳሽ የሬቲናውን መካከለኛ ክፍል ካሳበጠው ማንበብና የሰው ፊት መለየት ይከብዳል። ሥሮቹ ሲደፈኑ ደግሞ ኦክስጅን ባጠረው ሬቲና ላይ በቀላሉ የሚደሙ አዳዲስ ሥሮች ይበቅላሉ፤ እነዚህም ሬቲናውን ስበው ከቦታው ሊያላቅቁት ይችላሉ። ይህ የዓይን ጉዳት ሲጀምር የማያምና እይታንም የማይቀንስ መሆኑ ከሁሉ በላይ አስደነገጠኝ።

የእናቴ ገና መነሻው ላይ ስለሆነ ሌዘርም ሆነ መርፌ አላስፈለጋትም፤ ስኳሯንና የደም ግፊቷን እንድትቆጣጠርና ከዓመት በኋላ እንድትመለስ ተነገራት። ክሊኒኩ ራሱ መነጽር የሚሸጥ ሆኖ ሳለ፣ ስኳር ከፍና ዝቅ ሲል የዓይን ሌንስ ስለሚለዋወጥ ስኳሯ እስኪረጋ ድረስ አዲስ መነጽር እንዳታሠራ መክረው መለሱን። ይህንን ታማኝነት እጅግ አከብራለሁ።

ቅር ያሰኘኝ ግን ቀጠሮ ስንይዝ ስለ ጠብታው ምንም አለመነገራችን ነው። ክሊኒኩ 3ኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ሊፍቱ አይሠራም ነበር፤ እናቴም እይታዋ ደብዝዞ ደረጃውን በእጄ ተደግፋ ወረደች፣ ውጭ ስንወጣም የቀትር ፀሐይ ዓይኗን አስጨነቃት። ብዥታው ለሰዓታት ስለሚቆይ ታማሚው መኪና መንዳት የለበትም፤ አጃቢና የፀሐይ መነጽር ይዞ ቢሄድ ይሻላል። ዓይነት 2 ያለበት ሰው ሕመሙ በታወቀበት ጊዜ፣ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ ሬቲናውን ሊታይ እንደሚገባም እዚያው ሰማን፤ እኛ 9 ዓመት ዘግይተናል።