ከክፍል መልስ ልጆችን የት እናቆይ? የትምህርት ቤት ማቆያ፣ የሰፈር ማዕከልና የቤት ሞግዚት ሲነጻጸሩ

በአዲስ አበባ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን የሚያሰናብቱት ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም ሲሆን፣ በመደበኛው የመንግሥት የሥራ ሰዓት ሠራተኛው ከቢሮ የሚወጣው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የታክሲ ሰልፉና የመንገድ መጨናነቁ ሲታከልበት ልጅና ወላጅ የሚገናኙት ብዙ ጊዜ ከ12 ሰዓት በኋላ ይሆናል። ይህን ክፍተት ለመሸፈን ቤተሰቦች በአብዛኛው ከሦስት አማራጮች አንዱን ይይዛሉ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤቱ ራሱ በተጨማሪ ክፍያ የሚሰጠው የማቆያና የቱቶሪያል አገልግሎት ነው፤ ሁለተኛው በሰፈር ውስጥ በግቢ ቤት ወይም በኮንዶሚኒየም ምድር ወለል የሚሠራ ማዕከል ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ልጁን ቤቱ ውስጥ በሞግዚት፣ ሲቻልም አስጠኚ ተጨምሮ፣ ማቆየት ነው።

ወላጆች ለምዝገባ ሲሄዱ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ወርኃዊ ክፍያውና ስለ ጥናቱ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሆኖም ስለ እንክብካቤው ጥራት የሚነግሩን እጅግ ጥቂት ነው። በእኔ እምነት ጥራቱን የሚወስነው በእያንዳንዱ ደቂቃ ለዚህ ልጅ ኃላፊው ማን እንደሆነ በግልጽ መታወቁ፣ ያ ሰውም ልጁን በስሙና በጠባዩ ማወቁ ነው። ሦስቱንም አማራጮች ከዚህ በታች የምመዝናቸው በዚህ ነው።

በርክክብ እንጀምር። የትምህርት ቤቱ ማቆያ ትልቁ ብልጫ ልጁ አስፋልት ሳይሻገርና ሰርቪስ ሳይሳፈር ከክፍሉ ወደ ማቆያው መዛወሩ ነው። ነገር ግን እዚያው ግቢ ውስጥ አንድ የተደበቀ ክፍተት አለ፤ የክፍሉ መምህር "አሰናብቻለሁ" ባለበትና የማቆያው ኃላፊ ልጆቹን በቆጠረበት ሰዓት መካከል ልጆች ያለ ተቆጣጣሪ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ከደወሉ በኋላ ስም ጥሪ እንደገና ይደረግ እንደሆነ፣ አንድ ልጅ ካልተገኘስ በስንት ደቂቃ ውስጥ ለወላጅ እንደሚደወል መጠየቅ ያስፈልጋል። የሰፈር ማዕከል በዚህ ረገድ ደካማው አማራጭ ነው፤ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው የማዕከሉ ሠራተኛ፣ የሰርቪስ ሾፌር ወይም የሚታወቅ ባለ ባጃጅ ሊሆን ስለሚችል፣ ኃላፊነቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማን መቼ እንደተረከበ የሚያሳይ ጽሑፍ ከሌለ አደጋው እዚያው ላይ ነው። በቤት ሞግዚት ዘንድ ርክክቡ ቀላል ነው፤ ሆኖም እርሷ ልጁን ለማምጣት ስትወጣ ታናሹን ሕፃን ለማን ትታ እንደምትሄድ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

መውጫውም እንደ መግቢያው ነው። ያየኋቸው ሁለት የሰፈር ማዕከላት በክፍያቸው ተቀራራቢ ነበሩ። በአንደኛው በር ላይ በተንጠለጠለ መዝገብ የልጁ ስም፣ የወሰደው ሰው፣ ሰዓቱና ፊርማው በአራት ረድፍ ተጽፏል፤ አንድ አጎት ስሙ በዝርዝሩ ስላልነበረ እናትየው ተደውሎላት እስክትፈቅድ ድረስ ከበሩ ውጭ ቆሞ ጠብቋል። በሌላኛው ጥበቃው በሩን ከፍቶ "ያንተ የትኛው ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔ የማንም ልጅ ወላጅ ሆኜ አልነበረም የሄድኩት። የትኛውም የግድግዳ ሥዕል፣ የትኛውም አዲስ መጫወቻ ይህን ልዩነት አያካክሰውም።

ልጁን የሚይዘው ሰው ማን ነው? በትምህርት ቤቱ ማቆያ የሚቆየው ሰው ብዙ ጊዜ ከጠዋት ጀምሮ ሲያስተምር የዋለ መምህር ነው፤ ሙያው አለው፣ ልጆቹንም ያውቃል፣ ጉልበቱ ግን አልቋል። በሰፈር ማዕከላት መካከል ያለው ልዩነት ከሁሉም የሰፋ ነው፤ ለዓመታት ኬጂ ያስተማረች ባለሙያ ራሷ ከልጆቹ ጋር የምትውልበት ቤት አለ፣ በየሁለት ወሩ የሚቀያየሩ ወጣት ሠራተኞች ቴሌቪዥን ከፍተው የሚያቆዩበትም አለ። ስለዚህ "እዚህ ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?" የሚለውን ጥያቄ ለኃላፊዋ ሳይሆን ለሠራተኛዋ ማቅረብ ይበጃል። አንድ ሰው ከአሥራ አምስት የሚበልጡ ትንንሽ ልጆችን ብቻውን ከያዘ፣ ያ ቁጥጥር እንጂ እንክብካቤ ሊሆን አይችልም ብዬ አምናለሁ።

በቤት ሞግዚት ዘንድ አንድ ለአንድ ወይም አንድ ለሁለት መሆኑ የማይታበል ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ቤቶች ሞግዚት የምትባለው ምግብ የምታበስለው፣ ልብስ የምታጥበውና ቤት የምታጸዳውም እርሷው ናት። ብዙዎቹ ራሳቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ናቸው፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ ጋር የ4ኛ ክፍል ሒሳብ እንዲያሠሩ መጠበቅ ለእነርሱም ለልጁም ፍትሐዊ አይደለም።

ስለ የቤት ሥራ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ የአገልግሎት ሰጪዎች ውድድር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ወላጁ ማታ ደብተሩን ሲገልጥ ሁሉም ተሠርቶ ማየት ስለሚያስደስተው፣ አንዳንድ ቱቶሪያሎች መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያስገለብጣሉ። ይህን ለመለየት የአንድ ሳምንት የሒሳብ ደብተር ማየት ይበቃል። የተሰረዘ፣ እንደገና የተሞከረ፣ በልጁ የተሳሳተና የታረመ ነገር ከሌለበት፣ የጓደኛው ደብተርም ቃል በቃል ያንኑ ከያዘ፣ ልጁ ያጠናው ምንም የለም። በዚህ ረገድ ጥሩ የትምህርት ቤት ቱቶሪያል ከሁሉም ይሻላል፤ መምህሩ ጠዋት ምን እንዳስተማረ ስለሚያውቅ፣ በተለይ ለ6ኛ እና ለ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ለሚዘጋጁ ይጠቅማል። ሆኖም ያው መምህር በክፍል ውስጥ ማስተማር የነበረበትን ለከፈሉት ብቻ ከሰዓት በኋላ የሚያስተምር ከሆነ፣ ወላጆች ተሰባስበው ለርዕሰ መምህሩ ሊያቀርቡት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ልጆች ግን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ውለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነትን የሚያነቃቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ትምህርት ቤቱ ሜዳ አለው፤ ጥያቄው ከሰዓት በኋላ ይከፈታል ወይ ነው። የግቢ ቤት ማዕከል ትንሽም ብትሆን የመሮጫ ቦታ አለው፤ የኮንዶሚኒየሙ ብዙውን ጊዜ የለውም፣ በክረምት ደግሞ ሁሉም ወደ አንድ ክፍል ይጠቀለላሉ።

በመክሰስ ላይ ቤት ውስጥ ያለው ልጅ የተሻለ ይጠቀማል። ከቤት ውጭ ከሆነ ግን የምሳ ዕቃው ትርፍ ለመክሰስ እንዳይቀርብ፣ በጾም ቀን ለሚጾሙ ልጆች የሚሆን ነገር መኖሩን፣ ኦቾሎኒ ወይም ወተት የማይስማማው ልጅም በጽሑፍ መመዝገቡን ያረጋግጡ። መጸዳጃ ቤቱን ሳያዩ አይመዝገቡ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የተሞላ በርሜልና ሳሙና መኖሩ ስለ ቤቱ አያያዝ ብዙ ይናገራል።

ቅጣትን በተመለከተ ለድርድር ቦታ የለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጓል። "ትንሽ ቆንጠጥ እናደርጋለን" ብሎ በኩራት የሚናገር ማዕከል ካጋጠመዎት፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ልጅዎን ይዘው ይውጡ። ትምህርት ቤት ቢያንስ አቤቱታ የሚቀርብበት አስተዳደር አለው፤ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ግን ከልጁ አንደበት በቀር የሚነግረን የለም፤ ስለዚህ ማታ ማታ ረጋ ብሎ ልጁን ማዳመጥ ለሞግዚት አማራጭ የግድ ነው።

እንግዲህ ምርጫዬን ልግለጽ። ከኬጂ እስከ 2ኛ ክፍል ላለ ልጅ፣ ምግብ ማብሰሉና ጽዳቱ ያልተጫነባት የምትታመን ሞግዚት ካለች ቤቱን አስቀድማለሁ፤ ከሌለች በመዝገብ የሚሠራ፣ ልጆቹ ጥቂት የሆኑበት የሰፈር ማዕከል ከተጨናነቀ የትምህርት ቤት ማቆያ ይሻላል። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላለው ግን ጥናት፣ ሜዳና ጓደኛ በአንድ ግቢ ስለሚገኙ የትምህርት ቤቱን እመርጣለሁ፤ ለዚህም ቅድመ ሁኔታዬ ከደወሉ በኋላ ዳግም ስም ጥሪ መኖሩ ነው።

ከመወሰንዎ በፊት ሳይነግሩ በ11 ሰዓት ተኩል ይሂዱ፤ ጠዋት የሚደረግ ጉብኝት የሚያሳየው የተጸዳ ክፍል ብቻ ነው። ክፍያው መክሰስን፣ ሰርቪስንና የዝግ ቀናትን ይጨምር እንደሆነ፣ ወላጅ ሲዘገይም በምን ስሌት እንደሚታሰብ በጽሑፍ ይቀበሉ። በመስከረም የሙሉ ሴሚስተር ክፍያ ቢጠየቁ እንኳ የመጀመሪያውን ወር ለብቻው ለመክፈል ይደራደሩ፤ ልጁ ሳይስማማው ቢቀር የሚያቆየው የተከፈለው ገንዘብ መሆን የለበትም።