«ላይክሊ» ወይስ 70 በመቶ?

በወሎ ደጋ የበልግ ገብስ የሚዘራ ገበሬ ከየካቲት አንሥቶ ዝናብ ሲጠባበቅ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአየር ትንበያ የሚያስረዳው የግብርና ባለሙያ «ላይክሊ» (የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው) የሚለውን በቃል ከመግለጽና ቁጥሩን ከመናገር አንዱን መምረጥ ይኖርበታል።

ቃሉ ለጆሮ ይቀላል፤ ሆኖም ሰው ሁሉ በየራሱ ልክ ይሰፍረዋል። በ1951 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የስለላ ተንታኞች በዩጎዝላቪያ ላይ ወረራ ሊፈጸም የሚችልበትን ዕድል «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» (በቁም ነገር ሊታይ የሚገባ ዕድል) ብለው ጻፉ፤ ከእነሱ አንዱ የነበረው ሸርማን ኬንት በኋላ ባልደረቦቹን ሲጠይቅ ግን በአንድ ሰነድ የተስማሙት ሰዎች ከ20 እስከ 80 በመቶ የተራራቀ ግምት ይዘው ተገኙ። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓናል ይህን ለማጥራት «ላይክሊ»ን ቢያንስ 66፣ «ቬሪ ላይክሊ»ን (ዕድሉ በጣም ሰፊ ነው) ቢያንስ 90 በመቶ ብሎ ወስኗል፤ ውሳኔውን ለማያውቅ አንባቢ ግን ቃሉ ያው ቃል ነው።

ለዘር ጉዳይ እኔ ቁጥሩን እመርጣለሁ። 70 በመቶ ሲባል፣ እንዲህ ከተተነበየባቸው አሥር ወቅቶች በሦስቱ ያህል ዝናቡ ሊቀር እንደሚችል አብሮ ይነገራል፤ ያለውን ዘር በሙሉ በአንድ ጊዜ ልበትን ወይስ ከፊሉን ላቆይ ብሎ ለሚያመነታ ቤተሰብ ደግሞ ከሰባቱ ይልቅ የሚከብዱት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ተንባዩም ከዓመታት በኋላ በትክክል ሊመዘን የሚችለው ቁጥር ከሰጠ ነው።

ቁጥሩም ቢሆን ማብራሪያ ይሻል፤ የወቅት ትንበያ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ተብሎ በሦስት ሲከፈል መነሻው ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ «ከመደበኛ በላይ 40 በመቶ» ማለት መጠነኛ ማዘንበል እንጂ የጥጋብ ዓመት ተስፋ አይደለም።